ጥያቄና መልስ፦ አንዱ ሞተር ሲጠፋ

ጥያቄ፦ በባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ላይ የአብራሪነት ፈቃድ አለኝ፤ አሁን ወደ ባለ ሁለት ሞተሩ ፓይፐር ሴሚኖል ልሸጋገር ነው። ልክ እንደተነሳሁ አንዱ ሞተር ቢጠፋ መጀመሪያ የምነካው ምንድን ነው? በቀረው ሞተርስ ከፍታ መጨመር እችላለሁ?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄ እንነሳ። አንድ ሞተር ሲጠፋ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከፍታ የመጨመር አቅሙ ግን ከ80 በመቶ በላይ ይወድቃል። አውሮፕላን ወደ ላይ የሚወጣው በአግድም ለመብረር ከሚያስፈልገው በተረፈው ኃይል ብቻ ነውና። ሙሉ ክብደት የጫነ ሴሚኖል በአንድ ሞተር ከ4,000 ጫማ ገደማ በላይ እዚህ ግባ የሚባል ከፍታ አይጨምርም። የቦሌ ማኮብኮቢያ ራሱ ከባሕር ወለል 7,600 ጫማ ላይ ነው። እዚያ የቀረው ሞተር የሚጠቅመው ቁልቁል መውረዱን ለማዘግየት ነው።

መጀመሪያ የሚነኩት እንግዲህ አፍንጫውን ነው። ዝቅ አድርገው ፍጥነቱን በሰማያዊው መስመር (በአንድ ሞተር የተሻለ ከፍታ በሚገኝበት ፍጥነት)፣ በ88 ኖት ይያዙ፤ ወደጠፋው ሞተር መዞሩን በራደር (አፍንጫውን ግራና ቀኝ በሚያዞረው የጭራ መሪ፣ በእግር ፔዳል) ይግቱ። ከዚያ ሚክስቸር (የነዳጅና አየር ድብልቅ)፣ ፕሮፔለርና ስሮትል (የሞተር ኃይል) መቆጣጠሪያዎች ሁሉም ወደፊት፤ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል) እና ጎማ ይሰብሰቡ። ሥራ የፈታው እግርዎ ያለበት ጎን የጠፋው ሞተር ነው፤ ቢሆንም የዚያን ስሮትል ቀስ ብለው ስበው ያረጋግጡ። የደህናውን ሞተር መዝጋት በችኮላ የሚሠራ የታወቀ ስህተት ነው። ምንም ካልተለወጠ ፕሮፔለሩን ፌዘር ያድርጉ (አየሩን እንዳይገታ ስለቱን ወደ ነፋሱ ያዙሩት)፣ ሚክስቸሩን ይዝጉ። አይዘግዩ፤ ዙሩ በደቂቃ ከ950 በታች ከወረደ መቆለፊያው ይይዘውና ፌዘር አይሆንም። በመጨረሻ ወደ ደህናው ሞተር 2 ወይም 3 ዲግሪ ያዘንብሉ፤ ኳሷ (የአውሮፕላኑን መንሸራተት የምታሳየው የመሣሪያ ኳስ) ግማሽ ያህል ወደዚያው ትውጣ።

ማኮብኮቢያ ከቀረዎትና ጎማው ገና ካልተሰበሰበ ግን ይህን ሁሉ ይተዉት፤ ሁለቱንም ስሮትል ዘግተው ፊት ለፊት ይረፉ።

ራደሩ እስከ መጨረሻው ተረግጦም መዞሩ ካልቆመ ከቀዩ መስመር (በአንድ ሞተር አቅጣጫን መቆጣጠር ከሚቻልበት ዝቅተኛ ፍጥነት)፣ ከ56 ኖት በታች ወርደዋል ማለት ነው። የደህናውን ሞተር ኃይል ቀንሰው አፍንጫውን ይድፉ፤ ኃይል መጨመር አውሮፕላኑን ይገለብጠዋል። ደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ሲጨምር ኃይሉ ስለሚደክም ይህ ገደብ ከ56 በታች ይወርዳል፤ ስቶል የሚያደርግበት (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቆምበት) ፍጥነት ግን ፍላፕ ሳይዘረጋ በመሣሪያው ላይ ያው 57 ኖት ነው። ስለዚህ መዞሩ ሳይጀምር ስቶሉ ይቀድማል፤ በአንድ ወገን ኃይል የመጣ ስቶል ደግሞ ወደ ስፒን (እየተሽከረከሩ መውደቅ) ይከታል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ አስተማሪ ይህን የፍጥነት ገደብ በልምምድ ሲያሳይ የራደሩን ፔዳል በእግሩ አግዶ ገደቡ ከፍ ባለ ፍጥነት እንዲታይ የሚያደርገው።