ሥራ ሳትለቁ ዶክትሬት ለመማር ላሰባችሁ የጅማ ልጆች

በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክትሬት እየተማርን ጤና ተቋም ውስጥ ፓርት ታይም መሥራት ይቻላል ወይ ብላችሁ የምትጠይቁኝ እየበዛችሁ ነው። ይቻላል። እኔም የሳይካትሪ ነርስነቴን ሳልተው ነው የተማርኩት። ሰዉ ሁሉ ግን «ከትምህርትሽ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሥራ ፈልጊ፤ እየሠራሽ ትማሪያለሽ» ይላችኋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሥራችሁ ከትምህርቱ ጎረቤት ይሁን፣ ትምህርቱ ራሱ ግን አይሁን።

አንደኛው ምክንያቴ ድካም ነው። ጠዋት ሙሉ በአንድ ክሊኒክ የሰው ኀዘን ስታዳምጡ ውላችሁ ከሰዓት በኋላ ለልምምድ ሌላ ታማሚ ፊት ብትቀመጡ፣ ጭንቅላታችሁን እየነቀነቃችሁ ምንም አትሰሙም። ታማሚው ደግሞ ያውቅባችኋል። ካርድ ክፍል፣ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪ ወይም የቀን ተመላላሽ ክፍል የሚሠራ ልጅ ከዚህ የተሻለ ጆሮ ይተርፈዋል። ጅማ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጥሩ ሥራ አለ፦ ለምርምር መረጃ መሰብሰብ። ዩኒቨርሲቲው በማኅበረሰብ ላይ በተመሠረተ ትምህርት የሚታወቅ ስለሆነ፣ በግልገል ጊቤ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ዳታ የሚሰበስብ ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል። በክረምት ጭቃው ያስመርራል፤ ክፍያውም ይዘገያል። ግን ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን የድብርት መጠይቅ «ባለፉት 2 ሳምንታት» እያላችሁ በአፋን ኦሮሞ ለአንድ አዛውንት ስታቀርቡና እሳቸው ስለ ልባቸው ምት፣ ስለ ራስ ምታታቸውና ስለ ሞተች ላማቸው ሲመልሱላችሁ፣ የትኛውም ክፍል ውስጥ የማይገኝ ትምህርት ነው። አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ካላችሁ ከሁሉም አስቀድሙት።

ሁለተኛው፣ የሥራ ሰዓት የሥልጠና ሰዓት አይደለም። በደመወዝ የሠራችሁት ምክር ምንም ያህል ቢበዛ፣ የሙያ ፈቃድ ያለው ሱፐርቫይዘር ካልተከታተለውና ፕሮግራሙ አስቀድሞ ካላጸደቀው ለዶክትሬቱ አይቆጠርም። ይህን ሳይጠይቁ ዓመታት የሚያቃጥሉ አሉ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ታማሚው በጥናት ለመሳተፍ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። የምትሠሩበት ዋርድ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ መረጃ መውሰጃ ቀላል ቦታ ይመስላል፤ ታማሚዎቹን ታውቋቸዋላችሁ፣ ካርዱ እጃችሁ ላይ ነው። ጠዋት መርፌ የወጋችው ሲስተር ከሰዓት ወረቀት ይዛ «በጥናቴ ይሳተፋሉ?» ስትል እምቢ የሚላት ማን ነው? ከሊሙ ወይም ከአጋሮ ድረስ የመጣ ገበሬ እምቢ ካልኩ መድኃኒቱ ይቀርብኛል ብሎ ይፈራል፤ ፊርማው ላይ ግን ይህ ፍርሃት አይታይም። ስለዚህ ፈቃዱን የሚጠይቀው ሌላ ሰው ይሁን፣ ዋርዱ ውስጥ ሠራተኛ መሆናችሁንም ለአይአርቢው (የምርምር ሥነ ምግባር ለሚገመግመው ቦርድ) በግልጽ ጻፉ። የተሻለው ደግሞ ጥናቱን የማትሠሩበት ቦታ ማድረግ ነው።

ከተማችንም ትንሽ ናት። በሥራችሁ ያገኛችሁትን ታማሚ ሂርማታ መርካቶ ውስጥ ሽንኩርት ስትገዙ ታገኙታላችሁ። ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር በሆነበት አገር ዝም ብላችሁ ብታልፉ ኩራት ይመስልበታል፤ ሰላም ብትሉት ደግሞ አብራው ያለችው እህቱ «ከየት ታውቃታለህ?» ትለዋለች። መጀመሪያ ቀን ንገሩት፦ መንገድ ላይ ስንገናኝ አንተ ሰላም ካልከኝ እመልሳለሁ፣ ካላልከኝም አልቀየምም። የጅማ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ይገባዋል።

ስለ ጫት ሳልናገር ብቀር ጅማ ኖሬያለሁ አልልም። አዳር ዱቲ ገብቶ፣ ጠዋት ክፍል ገብቶ፣ ከሰዓት ሊያነብ ጫት የሚይዝ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን የሚቀራረብ ማነቃቂያ ነው፤ እንቅልፍን ያባርራል። ምርቃናው ሲያልፍ ሰውየው ይከፋዋል፣ አንዳንዱም ለመተኛት ጨብሲ ይገባል። በማግሥቱ እዚያው ዋርድ ውስጥ ጫት ለቃመ ልጅ «ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ብሎ ታሪክ ይወስዳል። አልሰብክም፣ ግን አዳር ዱቲ ያለበትን ሥራ ምንም ቢከፍል ባትይዙ እመርጣለሁ። አብዛኛው ጣጣ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ውጭ አገር ለምታስቡ ደግሞ አጭር ነገር። አሜሪካ ሁለት መንገድ አላት፦ ምርምር የሚበዛበት ፒኤችዲ እና ሕክምናው የሚበዛበት ሳይ-ዲ። ፒኤችዲው ብዙ ጊዜ ክፍያ ሸፍኖ አበል ይሰጣል፣ በምትኩ ግን ረዳት ሆናችሁ ትሠራላችሁ፤ ሳይ-ዲው አብዛኛውን ጊዜ በራስ ገንዘብ ወይም በብድር ነው። በኤፍ-1 (በተማሪ) ቪዛ ትምህርት ባለበት ወቅት ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ስለዚህ «እዚያ ሆስፒታል እየሠራሁ እማራለሁ» የሚለው ዕቅድ ከአውሮፕላን ሳትወርዱ ይበላሻል። እንግሊዝ በአብዛኛው 3 ዓመት ሙሉ ጊዜ ነው፤ ሠልጣኙም ብዙ ጊዜ በደመወዝ የተቀጠረ ስለሆነ ለሌላ ሥራ ቦታ የለውም።

እዚህም ሆነ እዚያ ብዙ ጊዜ ሙሉ ጊዜ የምትሠለጥኑበት ወቅት ይመጣል። በአሜሪካ ኢንተርንሺፕ ይሉታል፣ በአብዛኛው አንድ ዓመት ነው። ያኔ ፓርት ታይም የሚባል ነገር አይታሰብም፤ ቤተሰብ ግን «ዶክተር ሆነሻል» ብሎ የለቅሶውንም የሠርጉንም መዋጮ ይጠብቃል። ቀጣሪያችሁ ለዚያ ወቅት ፈቃድ ይሰጥ እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፣ መልሱንም በማኅተም ያዙ። የማይሰጥ ከሆነ ከወዲሁ እቁብ ግቡና ዕጣው ወደ ሥልጠናው መጀመሪያ እንዲደርሳችሁ ከዳኛው ጋር ተነጋገሩ።