የአሉሚኒየም ገመድ ያለበት የኪራይ ቤትና ኢንሹራንሱ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ታውንሃውሴ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራ ነው። አከራይቼው ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ፤ ኢንሹራንሱ ግን እኔ ስኖርበት የገዛሁት ነው። ዘንድሮ ተቆጣጣሪ አይቶት ሄደና “የውስጥ ገመዱ አሉሚኒየም ስለሆነ አናድስም” የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። አንድ ኤሌክትሪሺያን ሶኬቶቹን መቀየር ይበቃል ይላል። እውነት ይበቃል?
አንባቢ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ አይበቃም። ከገመዱ በፊት ግን ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውልዎ) አስደንግጦናል። ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት የተጻፈ ውል ይዘው እያከራዩ እሳት ቢነሳ ኩባንያው አልከፍልም ሊልዎት ይችላል። ቤቱ መከራየቱን ዛሬውኑ ለኤጀንትዎ በጽሑፍ ያሳውቁ። የሚያስፈልግዎት ኤጀንቶች “ዲፒ” የሚሉት የአከራይ ፖሊሲ ነው። ዲፒ 1 ርካሽ ነው፤ ግን በስም የተዘረዘሩ አደጋዎችን ብቻ ይሸፍናል፣ ብዙውን ጊዜም የእርጅናውን ቀንሶ ነው የሚከፍለው። ለእንደዚህ ያለ ቤት፣ በውሉ በግልጽ ካልተከለከለ በቀር በቤቱ ላይ የሚደርሰውን አደጋ ሁሉ የሚሸፍነው ዲፒ 3 ይሻላል እንላለን። ቤቱ ሲጠገን የሚቀርብዎት ኪራይ መካተቱንም ይጠይቁ። የተከራዩን ዕቃ የሚሸፍነው የራሱ የተከራዩ ኢንሹራንስ ነው።

ወደ ገመዱ እንመለስ። ከ1965 እስከ 1973 ገደማ መዳብ ተወድዶ ስለነበር ብዙ ቤት በአሉሚኒየም ተዘረጋ። ችግሩ ያለው ግድግዳ ውስጥ በተቀበረው ገመድ ሳይሆን በመጋጠሚያው ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከመዳብ ይበልጥ ይለጠጣል፤ ብሎኑ ሥር ይጨፈለቅና ሲቀዘቅዝ ይላላል። የላላው ቦታ ላይ የሚፈጠረው ኦክሳይድ (ዝገት መሰል ሽፋን) የኤሌክትሪክ ጅረቱን ያግደዋል፣ መጋጠሚያውም ይግላል። ስለዚህ ማሞቂያው ከተሰካበት ሶኬት ይልቅ፣ ጅረቱ በመንገዱ የሚያልፍበት ምንም ያልተሰካበት ሶኬት ሊቃጠል ይችላል። ብሬከሩም አይወርድም፤ ጅረቱ ከልኩ አላለፈምና።

“ሲኦ/ኤኤልአር” የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሶኬቶችና ማብሪያዎች ለአሉሚኒየም የተሠሩ ቢሆኑም የጣሪያ መብራቱን፣ የዕቃ ማጠቢያውንና ገመዶች በሚገናኙባቸው ሳጥኖች ውስጥ ያሉትን መጋጠሚያዎች አይነኩም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን ያልተሟላ ጥገና የሚላቸው ለዚህ ነው። ሐምራዊውን የሚጠመዘዝ ማያያዣም ዘላቂ ጥገና ብሎ አይቀበለውም። የሚቀበለው ሦስት ነገር ነው፦ ቤቱን በሙሉ በመዳብ መልሶ መዘርጋት፣ በልዩ ማሽን ተጨፍልቆ የሚገጠመው ኮፓለም የተባለ ማያያዣ፣ ወይም ባለ ብሎኑ ማያያዣ አሉሚኮን። አሉሚኮን ሲገጠም ብሎኑ አምራቹ በጻፈው ልክ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ካቻቢቴ (ቶርክ ካቻቢቴ) መጥበቅ አለበት፤ በእጅ ግምት ከሆነ ያው የላላ መጋጠሚያ ነው። ማያያዣው ወፍራም ስለሆነ የድሮው ሳጥን ሊጠብበት ይችላል። የሳጥን መቀየሪያው ዋጋ ከመጀመሪያው በሥራው ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ሥራው በካውንቲው ፈቃድ ይሠራ፣ ተፈትሾም ይለፍ። ፈቃድ ያለው ማስተር ኤሌክትሪሺያን የትኛው ማያያዣ ስንት ቦታ እንደተገጠመ የሚዘረዝር ደብዳቤ ይጻፍልዎት፤ ከፍተሻው ወረቀትና ከፎቶው ጋር ውሉ ከማለቁ በፊት ለኤጀንቱ ያስገቡ። የኢንሹራንስ ማመልከቻው ላይ “አሉሚኒየም የለም” ብሎ መሙላት ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል። ሁሉም እምቢ ካለዎት፣ በመደበኛው ገበያ ኢንሹራንስ ላጡ ቤቶች የተቋቋመው የሜሪላንድ ጆይንት ኢንሹራንስ አሶሲዬሽን አለ። ቤቱ የባንክ ብድር ካለበትና ያለ ኢንሹራንስ ቀኑ ካለፈ፣ ባንኩ በስምዎ ውድ ኢንሹራንስ ይገዛል፤ እሱ የሚጠብቀው በዋናነት የባንኩን ገንዘብ ነው።

ጥገናው እስኪያልቅ ተከራይዎ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ እንዳይሰኩ ይንገሯቸው። የሶኬት ሽፋን ከሞቀ፣ መብራት ከተርገበገበ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ብሬከሩን አጥፍተው ወዲያው ይደውሉልዎት።