ድንኳኑ እንዴት ቤት ሆነ?

እህቴ፣ «የማርታስ ቪንያርድ ደሴት ላይ ያሉት ባለቀለም ትንንሽ ቤቶች ድሮ የቤተ ክርስቲያን ካምፕ ነበሩ የሚባለው እውነት ነው?» ላልሽው፣ አዎ፣ እውነት ነው።

ቦታው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ኦክ ብላፍስ ከተማ ነው። ሜቶዲስቶች የሚባሉ የፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች በ1835 (በፈረንጆቹ) እዚያ ያለ የዛፍ ጥላ ስር ዘጠኝ ድንኳን ተክለው ጉባኤ ጀመሩ። መጀመሪያ ከየአጥቢያው የመጣው ሕዝብ በአንድ ትልቅ ድንኳን ያድር ነበር። ወንድና ሴት በመጋረጃ ተለይተው፣ ጭድ ላይ ነው የሚተኙት። ኋላ ቤተሰቡ የየራሱን ድንኳን ይዞ መምጣት ጀመረ። ከዚያ በድንኳኑ ቦታ ላይ የእንጨት ቤት ተሠራ።

ቤቶቹ እንዲህ የተጠጋጉት ለዚህ ነው፤ መሬቱ የተለካው ለድንኳን ነዋ! በሩንም ልብ ብለሽ እዪው። መሀል ላይ ያለ ባለሁለት ተከፋች በር ነው፤ የድንኳን መግቢያ ቁርጥ። የጣሪያው ጠርዝ ደግሞ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ እንጨት ነው።

የጉባኤው የብረት አዳራሽ በ1879 ተሠራ። አሁንም አገልግሎት ይሰጣል። ከ300 በላይ ቤቶችም አሉ። ቤቱ የግል ነው፣ መሬቱ ግን ጉባኤውን የሚያስተዳድረው ማኅበር ነው።

የመዝናኛ ከተማው የመጣው በኋላ፣ የመሬት ነጋዴዎች አጠገባቸው ሲሰፍሩ ነው። ሜቶዲስቶቹም ዓለማዊው እንዳይገባባቸው ረጅም አጥር አጠሩ። (አጥሩ ብዙም አልያዘላቸውም።)

የመሄድ ሐሳብ ካለሽ ነሐሴ ላይ ሂጂ። አንድ ምሽት በየበረንዳው የወረቀት ፋኖስ ይበራል። ከ1869 ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው።