ስሙ አንድ፣ ኮረብታው ሌላ

ልጆቼ፣

በጦሩ መረጃ ክፍል ተመድባችሁ ካርታ ፊት ስትቀመጡ፣ የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ሌሊት ዓድዋ ዙሪያ የሆነውን አስቡልኝ። የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ከ17,000 በላይ ጦሩን በአራት ብርጌድ ከፍሎ በጨለማ አንቀሳቀሰ። ከብርጌዶቹ አንዱን የሚመራው ጄኔራል አልበርቶኔ እንዲይዝ የታዘዘው ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ ነበር። ባራቲዬሪ ግን በሰጠው የካርታ ንድፍ ላይ ያንን ስም የጻፈው ሌላ ኮረብታ ላይ ነው። አልበርቶኔ ንድፉ ያመለከተው ቦታ ደረሰ። መንገድ መሪዎቹ ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት መሆኑን ነገሩት፤ እውነታቸውን ነበር። ቀጠለ። ሲነጋ ከሌሎቹ ብርጌዶች በብዙ ኪሎ ሜትር ተነጥሎ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተፋጠጠ።

ስለዚህ ገዥ መሬትን፣ ማለትም ለያዘው ወገን ብልጫ የሚሰጠውን ቦታ፣ በስሙ ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። ከላዩ ሆኖ ምን ይታያል? ከጀርባው ገደል ነው ወይስ ሜዳ? ውሃው የት ነው? መኪና ይወጣዋል? በክረምትስ? ሌሊት የሚሄድ ወታደር ስሙን ባያውቅ እንኳ በእግሩ ለይቶ እንዲያውቀው አድርጋችሁ ጻፉ።

እኔ በወጣትነቴ አንድ ወንዝ መሻገሪያ አለው ብዬ ጻፍሁ። ካርታው የተነሣው በበጋ መሆኑን ልብ አላልሁም። የወገን ጦር ሁለት ቀን ዳር ላይ ቆመ። በኋላ አንድ ከብት ጠባቂ ሽማግሌ ደራሽ ውሃ ሾላ ግንድ ላይ የተወውን ምልክት አሳዩኝ፤ ከቁመቴ በላይ ነበር። ቀድሜ ብጠይቃቸው ኖሮ ወዲያው ይነግሩኝ ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል።

የጠላት ሁኔታ ከመሬቱም ይከብዳል፤ መሬት ሆን ብሎ አያታልልምና። ለኢትዮጵያ የሚሠራው ሰላይ ባሻ አውዓሎም የምኒልክ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል ብሎ ሲነግራቸው ጣሊያኖቹ አመኑት። ስንቃቸው እያለቀ ነበር፤ ከሮምም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ያጣድፋቸው ነበር። ወሬው የሚፈልጉትን ነገራቸው። አዛዣችሁን ደስ የሚያሰኝ መረጃ በእጃችሁ ሲገባ ከሌላው ይልቅ እሱን አጥብቃችሁ መርምሩ፤ ማን እንዳመጣው፣ መቼ እንዳየው፣ ሌላ ያየው ሰው እንዳለ ጠይቁ። ጠላት ሊያደርግ የሚችለውንና ያደርጋል ብላችሁ የምትገምቱትንም አትደባልቁ።

እኔ የዘገባዬን ወረቀት በሦስት እከፍለው ነበር፤ የታየ፣ የተሰማ፣ የተገመተ። አንዳንድ አዛዥ ይሰለቻል፣ "በአጭሩ ንገረኝ" ይላል። በአጭሩ ንገሩት፤ ግን የተገመተውን የታየ አስመስላችሁ አትንገሩት።