«ግኝት» ወይስ «ፈጠራ»? ለአንድ የኬሚስትሪ መምህር የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር በየወሩ የሳይንስ ግድግዳ ጋዜጣ እናዘጋጃለን። ስለ 2025ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት «ሦስት ሳይንቲስቶች ባገኙት አዲስ ግኝት ሽልማት አገኙ» ብዬ ጻፍሁ። አማርኛ የሚያስተምሩት ባልደረባዬ «ግኝት»ን ሰርዘው «ፈጠራ» አደረጉት። በዚያው እትም ስለ ጥቁር ጉድጓድና ስለ ኮቪድ ክትባት የተጻፉት ጽሑፎችም «ግኝት» ይላሉ፤ እነርሱን ግን አልነኳቸውም። ሦስቱንም በአንድ ቃል መጥራት አይቻልም?

መልስ፦ ባልደረባዎ «ግኝት»ን መሰረዛቸው ትክክል ነው። በምትኩ ያስገቡት ቃል ግን ለእኔ አይዋጥልኝም። ነገሩ ለብዙ ዓመት ሲከነክነኝ የኖረ ነውና ከጠየቁኝ አልፌ ብሄድ ይታገሡኝ።

ከ«ግኝት» እንጀምር። ቃሉ በአወጣጡ እንከን የለበትም፤ ቃኘ ካለው «ቅኝት» እንደ ወጣ ሁሉ አገኘ፣ ተገኘ ካለው «ግኝት» ወጥቷል። እዚህ ላይ ያለችው ኝ ከጥንት የነበረች ፊደል አይደለችም። ነ እና የ ጎን ለጎን ሲውሉ በአማርኛ ተዋሕደው ኝ ይሆናሉ፤ የግእዙ ተመነየ በእኛ ዘንድ ተመኘ፣ ተቀንየ ደግሞ ተቀኘ መሆኑን ያስታውሷል። ስለዚህ የአገኘ ሥር ገ፣ ነ፣ የ ነው ለማለት ይቻላል። በግእዝ ገነየ የሚል ግስ አለ፤ ፍቺው ግን ሰገደ፣ ተገዛ፣ አመሰገነ ነው። ፊደሉ ቢገጥምም ፍቺው ስለማይገጥም ሁለቱን ወንድማማች ናቸው ብዬ አላጋባቸውም። ግእዝ ለ«አገኘ» የሚለው ረከበ ነው፤ እርሱ ወደ አማርኛ ሲሻገር በ«ተረከበ» እና በ«ርክክብ» ተወስኖ የንብረት ክፍል ቃል ሆኖ ቀረ። ያሳዝነኛል።

ዋናው ጉዳይ የግሱ ጠባይ ነው። የሚገኝ ነገር ከአግኚው በፊት ነበረ። የጠፋ በሬ ተገኘ ስንል በሬው በፍለጋው አልተወለደም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ራይንሃርድ ጌንዝልና አንድሪያ ጌዝ እ.ኤ.አ. በ2020 የፊዚክስ ኖቤልን የተካፈሉበት ሥራ ለዚህ ንጹሕ ምሳሌ ነው። ሁለቱ የመሯቸው ቡድኖች በጋላክሲያችን በፍኖተ ሐሊብ መካከል ያሉ ከዋክብትን ለዓመታት ተከታተሉ። ኤስ-2 የምትባለው ኮከብ በማይታይ ነገር ዙሪያ በ16 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ትዞራለች፤ ከዙረቷ ተነሥተው የዚያ ነገር ክብደት የፀሐያችን 4 ሚሊዮን እጥፍ ያህል መሆኑን አሰሉ። ጋዜጣዎ ጥቁር ጉድጓድ፣ ማለትም ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስመልጥ አካል፣ ያለው ያ ነገር የሰው ልጅ ከመፈጠሩ በፊትም በቦታው ነበረ። ስለዚህ ግኝት ነው። በነገራችን ላይ ሸላሚዎቹ ለሁለቱ ሥራ «ጥቁር ጉድጓድ» አላሉም፤ በጋላክሲያችን መካከል ያለ እጅግ ግዙፍ፣ እምቅ አካል ስለማግኘታቸው ነው ያሉት። እንዲህ ያለውን የቃል ጥንቃቄ በእኛም የሳይንስ ዜና ላይ ባየሁ ምንኛ በወደድሁ!

አሁን ወደ እርስዎ ሙያ ልምጣ። በ2025ቱ የኬሚስትሪ ሽልማት ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ የተሸለሙት ከብረታ ብረት አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ካላቸው አቶሞች)ና ከካርቦናዊ ሞለኪውሎች በተገጣጠሙ፣ ውስጣቸው ክፍት በሆነ ክሪስታሎች ነው። ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1989 የመዳብ አዮኖችን አራት ክንድ ካለው ሞለኪውል ጋር አጋጥሞ ሰፊ ክፍተት ያለው መዋቅር አቆመ፤ ግን በቀላሉ የሚፈርስ ነበር። ኪታጋዋ ጋዝ በእንዲህ ያለ መዋቅር ውስጥ ገብቶ መውጣት እንደሚችል አሳየ፤ ያጊ ደግሞ እጅግ ጽኑ የሆነውን ሠራ፣ የእርሱ ቡድን በአሪዞና በረሃ ከአየር ውሃ እስከ መሰብሰብ ደረሰ። እነዚህን መዋቅሮች ከጓሮ ቆፍሮ ያወጣቸው የለም፤ እንደ ቤት ማገርና ወራጅ ታስበው፣ ተለክተው ቆሙ። ታዲያ «አገኟቸው» ማለት አናጢውን «ቤቱን አገኘው» እንደ ማለት ነው። ባልደረባዎን ልክ ናቸው ያልሁት ለዚህ ነው።

«የፈረንጅ አፍ ሁለቱን በሁለት ቃል ለይቷቸዋል፤ እኛ ያንን ልዩነት ወስደን በ‹ግኝት› እና በ‹ፈጠራ› ላይ መለጠፍ ብቻ ነው የሚጠበቅብን» የሚል አስተያየት ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ይህን አልቀበልም። ፈረንጆቹ ለፈጠራ የሚሉት «ኢንቬንሽን» የመጣው ከላቲኑ ኢንቬኒሬ ነው፤ ትርጉሙም መጥቶ ደረሰበት፣ አገኘ ማለት ነው። በስዊድንኛ «ኡፕፊኒንግ» የሚባለውም ፈጠራ በውስጡ «ማግኘት» የሚለውን ግስ ይዟል። ግኝትን የሚሉት «ኡፕቴክት» ደግሞ ሽፋን መግለጥ ነው፤ ግእዝ ከሠተ እንደሚለው መሆኑ ነው። እኛ ከከሠተ ያገኘነውን «ክስተት» ለግኝት ማዋል ስንችል ሳናስብበት ለሚታይ ነገር ሁሉ አደልነው። እንግዲህ የባዕዱ ቃል ራሱ እንዲህ የተጠላለፈ ከሆነ መለኪያችን ሊሆን አይችልም። መለኪያው የእኛ ግስ በእኛ ጆሮ የሚያሰማው ነው።

ስዊድንኛን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። አልፍሬድ ኖቤል ኖቬምበር 27 ቀን 1895 ፓሪስ ላይ በፈረመው፣ በስዊድንኛ በተጻፈው ኑዛዜ ሦስቱን ዘርፎች በአንድ ቃል አልጠራቸውም። ፊዚክስን «ግኝት ወይም ፈጠራ»፣ ኬሚስትሪን «ግኝት ወይም ማሻሻያ»፣ ሕክምናን «ግኝት» ብቻ አለ። ጥያቄዎን ሰውየው ራሱ ከ130 ዓመት በፊት መልሶታል ማለት ነው። ለኬሚስትሪ «ፈጠራ» የሚለውን አለመጻፉንም ባልደረባዎ ልብ ይበሉልኝ።

እኔ «ፈጠራ»ን የምሸሸው ግን በኖቤል ምክንያት አይደለም። ፈጠረ በግእዝም በአማርኛም ካለመኖር ወደ መኖር አመጣ ማለት ነው፤ ፈጣሪ ስንል የምናስበው አንድ ነው፣ ፍጥረትም የእርሱ ነው። በዐረብኛም ሥሩ መሰንጠቅን፣ መክፈትን፣ ማስገኘትን ይይዛል፤ ሙስሊም ወገኖቻችን ጾማቸውን የሚፈቱበት ኢፍጣር ከዚያው ከሦስቱ ፊደላት የወጣ ነው። ይህን የሚያህል ቃል ለጠርሙስ ክዳን ሁሉ ማዋል ይከብደኛል። ሌላም እንከን አለበት። «የፈጠራ ወሬ» እና «የፈጠራ ክስ» ስንል ውሸት ማለታችን ነው። ስለ ኮቪድ ክትባት ብዙ ሐሰት በተወራበት ዘመን «ክትባቱ የሳይንቲስቶች ፈጠራ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የሚሰማ ሰው የትኛውን ፍቺ እንደሚይዝ በምን እናውቃለን?

ይህ የእኔ ጣዕም መሆኑን አልክድም። ማስረጃው ወደ ባልደረባዎ ያጋድላል፤ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ስለ ፈጠራና ስለ አነስተኛ ፈጠራ ይደነግጋል፣ ግኝትን ደግሞ ፓተንት ከሚያገኘው ውጭ ያደርጋል። ሕግ የለየውን፣ ጋዜጣና ትምህርት ቤት የተቀበለውን ቃል እኔ ብቻዬን ከመንገድ ልመልሰው አልችልም። ግን ሠራ፣ አበጀ፣ ቀመረ፣ አዋቀረ የሚሉ ግሶች እያሉን ሁልጊዜ ወደ ስም መሮጣችን ለምንድን ነው? «መዋቅሩን አበጁ» ቢባል ማንም አይሳሳትም።

«ደረሰበት»ን እንደ አማራጭ የሚያቀርቡም አሉ። በብዙ ቁጥር ያምራል፤ «ተመራማሪዎች የበሽታውን መንስኤ ደረሱበት» ግልጽ ነው። በነጠላ ግን ይከዳል። «ሐኪሙ አዲስ በሽታ ደረሰበት» ቢባል ሐኪሙ መርምሮ ያወቀው ነው ወይስ የታመመው እርሱ ነው?

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ «ክትባት አበለጸጉ» ነው። በለጸገ ማለት ሀብታም ሆነ ማለት ነው። ዩራኒየም ቢበለጽግ ተገቢ ነው፤ በተፈጥሮው ከመቶ 0.7 ያህል ብቻ የሆነው፣ ዩራኒየም-235 የሚባለው ዓይነቱ ድርሻው እንዲጨምር ስለሚደረግ በእርግጥ ይበለጽጋል። ክትባት ግን ምን ሀብት አገኘ? «መተግበሪያ ማበልጸግ» የሚለው በወጣቶቹ ዘንድ ሥር ሰዷል፤ እርሱን መንቀል እንደማይቻል ተቀብያለሁ። ወደ መድኃኒት ሲሻገር ግን ዝም አልልም።

ክትባቱን ካነሣሁ የባልደረባዎ ዝምታ እዚህ ላይ ልክ መሆኑን ልንገርዎት። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን እ.ኤ.አ. በ2023 የሕክምና ኖቤልን የተሸለሙት ክትባቱን ስለ ሠሩ አይደለም። በላቦራቶሪ የተሠራ መልእክተኛ አርኤንኤ፣ ማለትም ሴል ፕሮቲን እንዲሠራ ትእዛዝ የሚያደርስ ሞለኪውል፣ ወደ ሴል ሲገባ የመከላከያ ሥርዓቱ እንደ ጠላት ቆጥሮት ብግነት ይነሣ ነበር። ፊደላት በሚባሉት የአርኤንኤው ኬሚካላዊ ክፍሎች ላይ ለውጥ ሲደረግ ያ ቁጣ እንደሚበርድ አዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጽሑፍ የዚህ ሥራ ዋና ምሰሶ ነው። የሽልማቱ ቃልም ግኝቱን ለሁለቱ ሰጥቶ፣ ክትባቱን ግኝቱ መንገድ የከፈተለት ሥራ ያደርገዋል። ስለዚህ ጽሑፍዎ «የካሪኮና የዋይስማን ግኝት» ካለ ይቆይ፤ «የኮቪድ ክትባት ግኝት» ካለ ግን ክትባቱ ተሠራ እንጂ አልተገኘምና ይታረም። «ክትባት» የሚለው ራሱ ከተበ ካለው የወጣ ነው፤ መጻፍ፣ ክታብ መክተብ። በቆዳ ላይ በጭረት ይሰጥ ለነበረው የፈንጣጣ ክትባት የተስማማ ስም ነበር፤ ዛሬ በፊደላት የተጻፈ መልእክት ለሚያስገባው ደግሞ ይበልጥ ገጠመ። እንዲህ ያለ ቃል ያለው ቋንቋ ለሳይንስ ድሃ ነው ሲባል እጅግ ይከፋኛል።

ለግድግዳ ጋዜጣዎ የእኔ እርማት ይህ ነው፦ «ሦስት ሳይንቲስቶች ጋዝና ውሃ የሚያከማቹ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ክሪስታሎችን በማበጀታቸው ተሸለሙ።» በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያገኙ፣ ግኝት፣ አገኙ እየተባለ ሦስት ጊዜ አንድ ሥር ከመርገጥ ይድናሉ። ባልደረባዎ «ፈጠራ»ን ካልለቀቁ አልከራከራቸውም። «አዲስ ግኝት» ከሚለው ውስጥ ግን «አዲስ»ን ከሌሎቹ ሁለት ጽሑፎችም ላይ ያውጡት፤ የሚታወቅ ነገር ድሮውንም አይገኝም።