ድሮን ከመግዛትህ በፊት ተራራውን እየው

«ጋሼ፣ ለሰፊ ቦታ ካርታ የትኛው ድሮን ይሻላል?» ብሎ አንድ ጀማሪ ሰርቬየር ጠየቀኝ። «የምታነሳው መሬት ከፍታው ከስንት እስከ ስንት ነው?» ብዬ መልሼ ብጠይቀው አያውቀውም። ዛሬ ሶፍትዌሩ የበረራውን መስመር ራሱ ስለሚያሰምር፣ ልጆቻችን ከመሬቱ በፊት መሣሪያውን ያስባሉ። በዚሁ በድሬዳዋ በድሮን ሳይሆን በአውሮፕላን ለካርታ ፎቶ ሲነሳ የተበላሸ፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሥራ አለ፤ እንዴት እንደተበላሸ በቁጥር ላስረዳችሁ።

የካሜራው ሌንስ 100 ሚሊሜትር፣ ፒክስሉ 4 ማይክሮን ነው። አንዱ ፒክስል 10 ሴንቲሜትር መሬት እንዲሸፍን ከመሬት በላይ 2,500 ሜትር መብረር ያስፈልጋል። ከተማው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የበረራው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 3,700 ሜትር ሆነ። ፎቶው በወርዱ 14,000 ፒክስል፣ ማለትም 1,400 ሜትር ነው። የጎን መደራረቡ (ጎን ለጎን ባሉ መስመሮች የተነሱ ፎቶዎች የሚጋሩት መሬት) 30 በመቶ እንዲሆን መስመሮቹ በ980 ሜትር ተራራቁ። ለከተማው ሰፈሮች፣ ለከዚራ፣ ለመጋላ፣ ለሳቢያን ይህ ልክ ነው።

መስመሮቹ ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰምረው ነበር፤ ከከተማው አልፈው በደንገጎ በኩል ተራራውን ይወጣሉ። መሬቱ 2,200 ሜትር ሲደርስ አውሮፕላኑ ከመሬት በላይ የሚቀረው 1,500 ሜትር ብቻ ነው። ፒክስሉ 6 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ የፎቶው ወርድም ወደ 840 ሜትር ይጠባል። መስመሮቹ 980 ሜትር እንደተራራቁ ናቸውና በየሁለቱ መካከል 140 ሜትር መሬት ሳይነሳ ቀረ። የፊት መደራረቡም (በአንድ መስመር ላይ ተከታታይ ፎቶዎች የሚጋሩት) ከ60 ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከ50 በመቶ በታች ደግሞ ሁለት ፎቶ ያልያዘው መሬት ስለሚኖር ከፍታው አይለካም።

ስህተቱን የሸፈነው የፎቶው ጥራት ነው። የተራራው ፎቶ ከከተማው ይልቅ ጠርቶ ይታያል፤ ፎቶ በፎቶ ሲመረመር እንከን የለውም። ክፍተቱ የታየው ሁሉም ሲገጣጠም፣ አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ነው። ደግሞ ለማንሳት አዲስ የበረራ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሰማዩ እስኪጠራ መጠበቅም አለ።

የጎደለውም ዋናው ቦታ ነበር። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ውሃ የሚወርደው ከዚያ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ያን ያህል ሰው የፈጀውን ጎርፍ ድሬዎች አንረሳውም። የላይኛው ተፋሰስ ከፍታ የሌለበት ካርታ ለጎርፍ ጥናት ምን ይረባል?

መፍትሔው ቀላል ነበር። መስመሩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ የተራራውን ግንባር ተከትሎ ማስመርና ቦታውን በከፍታ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የራሱን የበረራ ከፍታ መስጠት። መደራረቡን ለከተማው ሳይሆን እዚያ ክፍል ውስጥ ላለው ከፍተኛ ጫፍ አስሉ። ሶፍትዌሩን የነቀፍኩ ብመስልም የመሬቱን ከፍታ ከሰጣችሁት ይህን ከእጅ ስሌት አሳምሮ ይሠራል። ግን ስጡት።

ሌላው የዞን ጉዳይ ነው፤ ዞን ማለት ዩቲኤም (UTM) የሚባለው የካርታ መጋጠሚያ ሥርዓት ምድርን በኬንትሮስ የሚከፍልበት ቁራጭ ነው። 42ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያልፋል፤ ድሬዳዋ በዞን 37፣ ሐረር በዞን 38 ትወድቃለች። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ ሥራ ከሆነ አንዱን ዞን መርጣችሁ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ አስፍሩት፤ የአዲንዳን (የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩበት የመለኪያ መነሻ) እና የጂፒኤስ መጋጠሚያዎችንም አትቀላቅሉ።

ፎቶው ላይ እንዲታይ መሬት ላይ የሚደረገውን ምልክት በላስቲክ ወይም በጨርቅ ብቻ አትሥሩ፤ ከበረራው በፊት ሰው ያነሳዋል ወይም ነፋስ ይወስደዋል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በነጭ ቀለም መስቀል ቀቡ። የመስቀሉ ክንድ ውፍረት ቢያንስ ሦስት ፒክስል፣ በ10 ሴንቲሜትር ፎቶ 30 ሴንቲሜትር ይሁን። ምልክት አድርጋችሁ ከለካችኋቸው ነጥቦች ጥቂቱን ስሌት ውስጥ ሳታስገቡ ለማረጋገጫ አስቀሩ፤ ከእነሱም ቢያንስ ሁለቱ ከተራራው ላይ ይሁኑ፤ አስፋልቱ ዳር ያሉት ብቻቸውን ተራራውን አይፈትሹም። አውሮፕላኑ ገና ድሬዳዋ ሳለ፣ በዚያው ቀን ማታ፣ የቀኑን ፎቶ ገጣጥማችሁ ክፍተት እንዳለ እዩ።