«ሹፌር እንድትሆኚ ነው ወይ ያስተማርኩሽ?»

ውድ እህቴ፣ ከዲትሮይት የላክሽው ደብዳቤ ደረሰኝ። በመካኒካል ምህንድስና ተመርቀሽ ሁለት ሥራ አግኝተሻል፤ አንዱ ቢሮ ተቀምጦ በኮምፒውተር ንድፍ መሥራት፣ ሌላው ደመወዙ አነስ የሚለው የመኪና ሙከራ ነው። አባትሽ ሁለተኛውን ሲሰሙ «ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳሁት አንቺም ሹፌር እንድትሆኚ ነው ወይ?» አሉ። ይህን ቃል ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የአባትሽ ድካም ይገባኛል፤ ስለ ሙያው ግን ተሳስተዋል። የሙከራ መሐንዲስ መኪናው የቱ ጋ እንደሚሰበር ፈልጎ ያገኛል፣ ለምን እንደተሰበረም ያስረዳል።

የከተማሽን ፓካርድ፣ ያን የቅንጡ መኪና አምራች፣ ተመልከቺ። መሥራቹ ጄምስ ዋርድ ፓካርድ መሐንዲስ ነበር። በፈረንጆች 1898 የዊንተን መኪና ገዝቶ አስቸገረው። ጉድለቱን ለአምራቹ ቢነግር «ከቻልክ የተሻለ ሥራ» ተባለ ይባላል። በ1899 ኦሃዮ ውስጥ፣ ዋረን ከተማ፣ ከወንድሙ ጋር የመጀመሪያውን ፓካርድ አስነሳ። ሀብታም የሚመኘው ያ መኪና የተወለደው ከአንድ ገዢ አቤቱታ ነው።

ኩባንያው ዲትሮይት ገብቶ ከገነነ በኋላ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ከከተማው በስተሰሜን፣ ሼልቢ ላይ የሙከራ ሜዳ ሠራ። አራት ኪሎ ሜትር የሚዞር ሞላላ የኮንክሪት መንገድ ነበረው፤ በ1928 ሊዮን ዱሬ የእሽቅድምድም መኪና ይዞ በሰዓት 238 ኪሎ ሜትር በርሮበታል። እኔ የምወደው ግን ጭቃውንና አሸዋውን መንገድ ነው፤ መኪና እውነቱን የሚናገረው እዚያ ነው። የሜዳው ኃላፊ ቻርልስ ቪንሰንት ከነቤተሰቡ ግቢው ውስጥ ይኖር ነበር። ይህ የሹፌር ሥራ ነው?

ሜዳው ፓካርድን ከሞት አላዳነውም። በ1955 አዲስ ሞተር፣ አዲስ ሰስፔንሽን (የመንገዱን ንዝረት የሚያበርደው ክፍል) እና ጠባብ ፋብሪካ አንድ ላይ መጡበት፤ ጥራቱ ወረደ፣ ገዢ ሸሸ፤ በ1956 የዲትሮይቱ ምርት ቆመ። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ «ጉድለት ባገኝ መኪናው ለገበያ እንዳይወጣ ማን ማስቆም ይችላል?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ካጡ አትግቢ።

እኔም ወደ ንድፍ የገባሁት ስምንት ዓመት ፍሬን ስሞክር ከርሜ ነው፤ ብሎን የት ማስቀመጥ እንዳለብኝ ያስተማረኝ የተሰበረ ብሎን ነው። ንድፉ አያመልጥሽም።

ያሰብሽውን ማስተርስ ለጊዜው አቆዪው። ቤተሰቦችሽ የወንድምሽን ቤት ማሠሪያ ገንዘብ ከመጀመሪያ ደመወዝሽ መጠበቃቸው ግን ልክ አይደለም፤ የምትችይውን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው፣ ከዚያ በላይ ቃል አትግቢ።

የፓካርድ ሜዳ ሕንፃዎች በከፊል ዛሬም ቆመዋል። ለጎብኚ በሚከፈቱበት ቀን አባትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ሃያ ዓመት የነዱ ሰው ፍሬን ሲያልቅ ድምፁን ከብዙ መሐንዲስ ቀድመው ይሰማሉ። ታክሲያቸው ላይ መጀመሪያ የሚበላሸው ምን እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ ደብተርም ይዘሽ ሂጂ።